ባለ ፎቅ ኬክ፦ የትኛው ድጋፍ ይሻላል? እንዴትስ ይቆረጣል?

ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ሊሠራ ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው “እንዳይወድቅ ምን ላድርግለት?” ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ሁለተኛ ቢሆን ይሻላል። የመጀመሪያው “ይህን ኬክ ማን ይቆርጠዋል? የት ሆኖ? ስንት ሰው እየጠበቀው?” የሚለው መሆን አለበት።

እንዲህ የምለው በምክንያት ነው። በትክክል እስከተገጠመ ድረስ፣ ከተራ የፕላስቲክ ስትሮ እስከ ብረት ዘንግ ያለው ድጋፍ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ የሚታይን ኬክ ይይዛል። ልዩነታቸው የሚወጣው ኬኩ መኪና ላይ ሲጫንና ቢላ ሲነሳ ነው። አንዱ ብድግ አድርገው ወደ ጎን የሚያስቀምጡት ነው። ሌላው መፍቻ ይዞ ዳዶ የሚፈታ ሰው ይፈልጋል። እንግዳ ሳህን ይዞ ሲጠብቅ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በጥንካሬያቸው ብቻ አይደለም። ሲጓዙ ምን ይሆናሉ? ሲፈቱስ? ያንንም አብሬ አያለሁ።

ክብደቱን የሚሸከመው ማን ነው?

ከሁሉም በፊት ይህ ይግባን፦ የታችኛው ኬክ የላይኛውን አይሸከምም። መሸከምም የለበትም። ልክ ፎቅ ቤት ላይ ጭነቱን የሚይዘው ኮለኑ እንጂ በመሃል የገባው ብሎኬት እንዳልሆነ ሁሉ፣ እዚህም የሚሸከሙት ኬኩ ውስጥ የቆሙት ድጋፎች ናቸው። የላይኛው ፎቅ የራሱ ካርቶን ቦርድ ላይ ይቀመጣል። ካርቶኑ በድጋፎቹ ጫፍ ላይ ያርፋል። ድጋፎቹ ደግሞ የታችኛውን ቦርድ ይረግጣሉ። ክሬሙና ስፖንጁ (ለስላሳው የኬኩ አካል) በመሃል ያለውን ክፍተት የሞሉ ናቸው፤ በቃ።

ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ ብዙ ሰው አይገምትም። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክብ ኬክ ከ3 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ከነክሬሙ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። 15፣ 20 እና 25 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ፎቆች ሲደረደሩ ወደ 9 ኪሎ ይሆናሉ፤ ይህ የታችኛው ቦርድ ሳይቆጠር ነው። ፎንዳንት፣ ማለትም እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬክ የሚሸፈንበት ስኳር፣ ከለበሰ ይጨምራል። ለስላሳ ስፖንጅ ይህን ሁሉ ቢሸከም መሃሉ ይሰረጉዳል፤ ክሬሙ በጎን ይወጣል፤ ቀጥሎም ኬኩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

የትኛውንም ድጋፍ ብትመርጡ የማይቀሩ ሥራዎች አሉ። እያንዳንዱ ፎቅ ከመደርደሩ በፊት ፍሪጅ ገብቶ መጠንከር አለበት። ከታች ያለው ዋና ቦርድ የማይተጣጠፍ ይሁን። ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኬክ ቦርድ፣ ወይም በንጹሕ የምግብ ወረቀት የተሸፈነ ኮምፔንሳቶ ይሆናል። ኬኩ ከባድ ከሆነ እኔ ሁልጊዜ ኮምፔንሳቶውን እመርጣለሁ። ቦርዱ ሲነሳ ትንሽ ከታጠፈ ከላዩ ያለው ክሬም ሁሉ ይሰነጠቃል።

ድጋፎቹ እኩል ይቆረጡ። አንዱን ወደ ኬኩ እስከ ታች ቦርድ ድረስ አስገቡና በክሬሙ ልክ ምልክት አድርጉበት። አውጥታችሁ ቁረጡት፤ ሌሎቹን ሁሉ በእሱ ልክ ቁረጡ። የኬኩ አናት አንድ ወገን ከፍ ካለ ምልክቱን ከፍ ባለው በኩል ውሰዱ። እያንዳንዱን በቆመበት ቦታ እየለካችሁ ብትቆርጡ ግን የኬኩን መዛባት ወደ ላይኛው ፎቅ ታሻግሩታላችሁ። ድጋፉ ለጥቂት ሚሊ ሜትር ቢረዝም ክፍተቱን በክሬም ጌጥ መሸፈን ይቻላል። ቢያጥር ግን መፍትሔ የለውም፤ ሸክሙ ኬኩ ላይ ይወድቃል።

ስትሮ፣ እንጨት ወይስ ወፍራም ቱቦ?

ብዙ ሰው የሚመርጠው ከእነዚህ ሦስቱ ነው። ስለዚህ እነሱ ላይ ረዘም ልበል።

ስትሮ ስል ቀጭኑን የለስላሳ መጠጫ ማለቴ አይደለም። ወፍራሙን፣ 1 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ያለውን ጠንካራ የፕላስቲክ ስትሮ ነው። ባዶ ቱቦ ከላይ ወደ ታች ሲጫኑት ከሚገመተው በላይ ይሸከማል። በዚያ ላይ ኬኩ ወደ ውስጡ ስለሚገባ ወደ ጎን አይገፋም። ለትንሽ ኬክ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በመቀስ ይቆረጣል፤ ሲነቀልም ይቀላል። ድክመቱ በጎን የሚመጣ ግፊትን አለመቋቋሙ ነው። ትንሽ ካጋደለ ይታጠፋል። የወረቀት ስትሮ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ከክሬሙና ከሽሮፑ እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል። መታጠፊያ ያለውም አይሆንም።

እንጨት ሲባል ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ዘንግ ነው። ጠንካራ ነው፤ አይታጠፍም። ግን ድፍን ስለሆነ በገባ ቁጥር ኬክ ይገፋል። 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ትንሽ ፎቅ ውስጥ ብዙ እንጨት ብትተክሉ ስፖንጁ ይሰነጠቃል። ለመቁረጥ መጋዝ ወይም ጠንካራ የአትክልት መቀስ ያስፈልጋል። ከዚያም ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ብናኙ ይጠረጋል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ምግብ ውስጥ አይገባም። ለሥጋ ጥብስ የሚሆነውን ቀጭን እንጨት ደግሞ ለድጋፍ አልመክርም። ያጋድላል፤ ጫፉም የላይኛውን ካርቶን ይበሳል።

ሦስተኛው ለኬክ ተብሎ የሚሠራው ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ስፋቱ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። የስትሮው ጥቅም ሁሉ አለው፤ በቀላሉ ግን አያጋድልም። ጥቂት ፍሬ ይበቃል። ሲቆረጥ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ በጥሩ መጋዝ ካልሆነ ጫፉ ይዛነፋል። ሲወጣም ውስጡ የቀረ ኬክ ይዞ ይወጣል።

ስንት ይበቃል? ከላይ የሚቀመጠው ፎቅ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 4፣ 20 ከሆነ 5 ወይም 6፣ 25 ከሆነ ከ6 እስከ 8 ስትሮ ወይም እንጨት በቂ ነው። ወፍራሙ ቱቦ ከሆነ ቁጥሩ ይቀንሳል። ሁሉም ከላይኛው ፎቅ ጠርዝ ወደ ውስጥ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው በክብ ይቆማሉ። ፎቁ ሰፊ ከሆነ አንድ መሃል ላይ ይጨመራል። የላይኛውን ካርቶን አናቱ ላይ ቀለል አድርጋችሁ አስቀምጡና በጥርስ እንጨት ዙሪያውን ምልክት አድርጉ። ከዚያ ድጋፎቹ ከምልክቱ አይወጡም።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ለሁለት ፎቅ ስትሮ ይበቃል። ሦስት ፎቅ ከሆነ የታችኛው ላይ ወፍራም ቱቦ፣ መካከለኛው ላይ ስትሮ። እንጨቱን ለመሃል ማያያዣ አስቀምጠዋለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከመቁረጥ አንጻር ደግሞ ሦስቱም አንድ ችግር አላቸው። ክሬም ውስጥ ይደበቃሉ። ነጭ ስትሮ በነጭ ክሬም ውስጥ ማን ያየዋል? ቢላው ስትሮውን ከቆረጠው የፕላስቲክ ስባሪ ለእንግዳ ይደርሳል። ስለዚህ ከኬኩ ቀለም ጋር የማይመሳሰል ስትሮ ምረጡ። ቀይ ወይም ሰማያዊ ቢሆን ማንም ከውጭ አያየውም፤ ቆራጩ ግን ወዲያው ያገኘዋል።

እግር ያለው ሳህን

ይህ ከላይኛው ፎቅ ጋር እኩል የሆነ የፕላስቲክ ሳህን ነው። ከሥሩ አራት እግሮች ይገጠሙበታል፤ እግሮቹ ቀጭ ብለው ይቆለፋሉ። ሳህኑ ከነእግሮቹ ወደ ታችኛው ኬክ ይገባል። የላይኛው ፎቅ ከነካርቶኑ እላዩ ላይ ይቀመጣል።

በእኔ ግምት ተደርድሮ ለሚጓዝ ኬክ ከዚህ የተሻለ የለም። እግሮቹ ከሳህኑ ጋር ስለተቆለፉ አንዱ ብቻውን ሊያጋድል አይችልም። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን መቁረጫው ሰዓት ላይ ነው። ሳህኑን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ስትስቡት አራቱም እግሮች አብረው ይወጣሉ። ኬክ ውስጥ ስትሮ ፍለጋ የለም፤ መቁጠርም የለም። የሚቆርጠው ሰው ልምድ የሌለው ከሆነ ይህ ብቻውን ለመምረጥ ያበቃል።

ጉድለቱስ? እግሮቹ ልካቸው የተወሰነ ነው። ብዙውን ጊዜ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ ኬካችሁ ከእግሩ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከፍ ካለ መከርከም፣ ዝቅ ካለ ክሬም መሙላት ይኖርባችኋል። የሳህኑ ጠርዝም ውፍረት ስላለው ዙሪያውን በጌጥ መሸፈን ያስፈልጋል። ደግሞ ዕቃው ተመልሶ እንዲመጣ ትፈልጋላችሁ። ለደንበኛ የምትሠሩ ከሆነ የማስያዣ ገንዘብ መቀበል ልማዳችሁ ይሁን። የምትሠሩት በዓመት አንዴ ከሆነ ደግሞ ዕቃውን ለመግዛት መቸኮል የለባችሁም።

በዓይን የሚታይ ምሰሶ፣ የመሃል ብረት፣ ለየብቻ የሚቀመጥ ኬክ

በፎቆቹ መካከል ክፍተት እንዲኖር የሚፈልጉ ሰዎች ምሰሶ ይጠቀማሉ። ዛሬ ያሉት የተሻሉት ምሰሶዎች ከላይኛው ሳህን ተነሥተው፣ ኬኩን አልፈው፣ የታችኛውን ቦርድ የሚረግጡት ናቸው። ኬኩ ላይ የሚቆም አጭር ምሰሶ ከሆነ ግን ከሥሩ ሌላ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ጥንት ይህ አሠራር የተስፋፋው ኬኩም ስኳሩም ጠንካራ ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የእንግሊዟ ልዕልት ኤልሳቤጥ፣ በኋላ ንግሥት የሆነችው፣ ስትዳር የቀረበው ኬክ ባለ 4 ፎቅ ነበር። ከፍታው 2.7 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከ220 ኪሎ በላይ። ይህ የደረቀ ፍራፍሬ የሞላበት ጥቅጥቅ ያለ ኬክ ነበር፤ የለበሰውም እንደ ድንጋይ የሚጠነክር የስኳር ልባስ ነው። የዛሬ ለስላሳ ስፖንጅና የቅቤ ክሬም እንደዚያ አይችልም። ፎቶ አይቶ “እንደዚያ ይሁንልኝ” የሚል ሰው ካለ ይህን ንገሩት።

ምሰሶ ለቆራጭ ምቹ ነው። እጅ ከሳህኑ ሥር ይገባል፤ ፎቁ በቀላሉ ይነሳል። ለጉዞ ግን አይሆንም። እያንዳንዱ ፎቅ ለብቻው ሄዶ እዚያው ነው የሚቆመው። ጠረጴዛው ደግሞ በውሃ ልክ መፈተሽ አለበት። ትንሿ መዛባት በምሰሶው ቁመት ልክ ትጎላለች።

የመሃል ብረት የሚባለው ከዋናው ቦርድ ጋር በዳዶ የታሰረ፣ ጥርስ ያለው ረጅም ዘንግ ነው። የእያንዳንዱ ፎቅ ቦርድ መሃሉ ተበስቶ በዘንጉ ውስጥ ይገባል፤ ከሥሩም ዳዶ ይይዘዋል። ሆን ተብሎ ያጋደለ ወይም በአየር ላይ የተንሳፈፈ የሚመስል ኬክ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በዚህ ነው። ብረቱ ምግብ እንዳይነካ በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈናል። ለተራ ቀጥ ያለ ኬክ ግን አልመክረውም። እያንዳንዱን ፎቅ በዘንጉ ርዝመት ልክ ወደ ላይ ማውጣት አለባችሁ፤ ካልሆነም እንደቆመ ዙሪያውን መቁረጥ ነው። ሁለቱም አድካሚ ናቸው።

ኬኩ በተመታ ክሬም፣ በሙስ ወይም በቺዝ ኬክ የተሠራ ከሆነ ደግሞ መደርደሩን ተዉት። ለእያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ማስቀመጫ ያለው ስታንድ አለ። አንዱ በሌላው ላይ አይጫንም፤ ከፍታው ግን ይታያል። ለመቁረጥ ከሁሉ የቀለለው ይህ ነው፤ ሳህኑን አንስቶ መሄድ ብቻ።

ተደርድሮ ይሂድ ወይስ እዚያው ይደርደር?

ሁለት ፎቅ ከሆነ ተደርድሮ ቢሄድ ምንም አይደለም። ሦስት ከሆነ በመሃል ማያያዣ ይጠናከር። ማያያዣው ጫፉ የተቀረጸ ረጅም እንጨት ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ ካርቶኖቹን እየበሳ እስከ ታች ይወርዳል። ብዙ ሰው ክብደት የሚሸከም ይመስለዋል፤ አይደለም። ሥራው ፎቆቹ እንዳይንሸራተቱ መያዝ ነው። ስለዚህ የተለመዱትን ድጋፎች አይተካም። ካርቶኖቹን መሃላቸውን ቀድማችሁ ብትበሱ በመዶሻ መምታት አይኖርባችሁም። በፕላስቲክ ሳህን ግን እንዲህ የሚሆነው ሳህኑ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ካለው ብቻ ነው። የእንጨቱን ራስ ከኬኩ አናት በጥቂቱ ዝቅ አድርጋችሁ በአበባ ወይም በጌጥ ሸፍኑት። ቆራጩ የት እንዳለ ይወቅ።

ከሦስት ፎቅ በላይ ከሆነ የላይኞቹን ለብቻ ወስዶ እዚያው መደርደር ይሻላል። ጊዜ ይወስዳል። ጠርዙን የምታስተካክሉበት ተጨማሪ ክሬም፣ ስፓቱላና ጓንት ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። ግን ሁለት ሰው አንድ ከባድ ኬክ ደረጃ ላይ ከሚያወጣ ይህ ይቀላል።

መኪና ውስጥ ኬክ የሚቀመጠው ወንበር ላይ አይደለም። ወንበር ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ጠፍጣፋ ወለል ፈልጉ፤ ከሥሩ የማያንሸራትት ምንጣፍ አንጥፉ፤ ቀዝቃዛ አየር ክፈቱ። ኬኩ ከፍሪጅ በወጣበት ጥንካሬው ቢጓዝ ከየትኛውም ድጋፍ በላይ ያግዛል። የቀዘቀዘ የቅቤ ክሬም ጠንካራ ነው፤ የሞቀው ግን ይንሸራተታል።

አፍርሶ መቁረጥ ወይስ እንደቆመ?

እንደቆመ መቁረጥ የሚያምር ይመስላል። ለፎቶ አንድ ሁለት ቁራሽ ከታችኛው ፎቅ መቁረጥ ይቻላል፤ ከላይኛው ፎቅ ጠርዝ ውጪ እስከሆነ ድረስ። ከዚያ በኋላ ግን አፍርሱት። እንደቆመ ሲቆረጥ ቢላው በካርቶኑ ላይ ይጫናል፤ ካርቶኑም ከድጋፍ ድጋፍ ይንቀሳቀሳል። ቆራጩ ደግሞ ክንዱን ከፍ አድርጎ ስለሚሠራ ቁራሹ አይስተካከልም።

አፈራረሱ ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ አበባና ጌጥ፣ ሪባን፣ ሽቦ ካለም ሽቦው ይነሳል። ቀጥሎ የመሃል ማያያዣው እየተሽከረከረ ወደ ላይ ይወጣል። ስፓቱላ በካርቶኑ ሥር ገባ ተደርጎ ዙሪያው ይላቀቃል፤ ከዚያ ፎቁ ከነካርቶኑ በሁለት እጅ ይነሳል። ሁለት ፎቅ አብሮ ለማንሳት አትሞክሩ። በእያንዳንዱ ፎቅ ላይ ድጋፎቹን ሁሉ ነቅላችሁ ቁጠሩ፤ ቢላ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ በመደርደሩ ጊዜ የምትሠሩት ትንሽ ነገር በጣም ይጠቅማል። ከላይኛው ካርቶን ሥር በልኩ የተቆረጠ ክብ የብራና ወረቀት አድርጉ፤ መጋገሪያ ላይ የሚነጠፈውን ማለቴ ነው። ፎቁ ሲነሳ የታችኛውን ክሬም ይዞት አይሄድም። የታችኛው ኬክ አናት ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

አንዱ ፎቅ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ ደግሞ ወገቡ ላይ ሌላ ካርቶንና ድጋፍ ይግባበት። ለጥንካሬ ብቻ አይደለም። ያን ያህል የረዘመ ቁራሽ ሳህን ላይ አይቆምም። ካርቶኑ ኬኩን ሁለት ልከኛ ኬክ ያደርገዋል።

ሦስት ማዕዘን፣ ቀለበት ወይስ ቀጥታ?

ሁላችንም ቤት የለመድነው የሦስት ማዕዘን አቆራረጥ ለ15 ሳንቲ ሜትር ፎቅ ያገለግላል። ለሰፊው ግን አይሆንም። ስሌቱን እዩት። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኬክ ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጠርዙ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ በሦስት ማዕዘን ብትቆርጡ 19 ቁራሽ አይሞላም፤ እያንዳንዱም 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይኖረዋል። ያው ኬክ በ2.5 በ5 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ 56 ሰው ያደርሳል። የሦስት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው።

በዚህ ልክ ከተቆረጡ፣ ቁመታቸው 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ክብ ኬክ ለ12፣ 20 ለ24፣ 25 ለ38 ሰው ይበቃል። ሦስቱ ሲደመሩ 74። ቁራሹ ትንሽ ነው ብላችሁ 4 በ5 ሳንቲ ሜትር ካደረጋችሁት ያው ኬክ ወደ 46 ሰው ይወርዳል። የቁራሹን ልክ ከቆራጩ ጋር ሳይስማሙ የእንግዳ ቁጥር ብቻ ቆጥሮ ማዘዝ ነው ብዙውን ጊዜ ኬክ የሚያሳጥረው።

ቀለበት የሚባለው አቆራረጥ እንዲህ ነው። ከጠርዙ ወደ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ገብታችሁ ክብ ትቆርጣላችሁ። የወጣውን ቀለበት በየ2.5 ሳንቲ ሜትር ትከፋፍላላችሁ። ከዚያ በቀረው ላይ ትደግማላችሁ። ቀጥታው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ አውጥቶ፣ በንጹሕ ካርቶን ወይም መክተፊያ ደግፎ በጎኑ አስተኝቶ፣ በየ5 ሳንቲ ሜትር መቁረጥ ነው።

ቀጥታው ይፈጥናል። ለጀማሪ እጅም ይሻላል፤ ቢላው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ። ሰው ብዙ ከሆነና ጊዜ ካጠረ ያለ ጥርጥር ይህን እመርጣለሁ። ነገር ግን ሙሌቱ ለስላሳ ከሆነ ቁራጩ ሲተኛ ይበታተናል። ቀለበት ደግሞ ለባለ ድጋፍ ኬክ ልዩ ጥቅም አለው። 25 ሳንቲ ሜትር ኬክ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ተቀምጦ ከነበረ፣ የድጋፎቹ ቀዳዳዎች በትክክል ቀለበቱ በሚቆረጥበት መስመር ላይ ይወድቃሉ። የውጪው ቀለበት ቁራሾች በአመዛኙ ሙሉና ያማሩ ሆነው ይወጣሉ። ከፊት ለሚቀርበው ሳህን እነሱን ተጠቀሙ።

ቢላው ረጅምና ቀጭን ይሁን። ለክሬም ጥርስ የሌለው ይሻላል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ፣ በየቁራሹ እየጠረጋችሁ። ለፍራፍሬ ኬክ የዳቦ ቢላ ይሆናል።

ሌላ አማራጭም አለ። የሚታየውን ኬክ አሳንሶ፣ ተመሳሳይ ጣዕም ያለው ጠፍጣፋ ኬክ በትሪ ጋግሮ ከጓዳ ቆርጦ ማቅረብ። ወይም ከፎቆቹ ጥቂቱን በፎም፣ ማለትም ለማሳያ ብቻ በሚሆን በማይበላ ቀላል ነገር፣ መሥራት። እንግዳ ብዙ ሆኖ ቆራጭ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም። ፎሙ ቀላል ስለሆነ ከቦርዱ ጋር በደንብ ይጣበቅ። የትኛው ፎቅ ፎም እንደሆነም ለቆራጩ ይነገር።

ሰዓቱና ለቆራጩ የሚሰጠው ወረቀት

ከፍሪጅ የወጣ የቅቤ ክሬም አፍ ውስጥ እንደ ሰም ነው፤ ሲቆረጥም ይሰነጠቃል። ከመቅረቡ 2 ወይም 3 ሰዓት ቀድሞ ይውጣ። ሙሌቱ ወተት፣ የተመታ ክሬም ወይም እንቁላል ያለበት ከሆነ ግን ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ 1 ሰዓት ብቻ። እንዲህ ያለ ሙሌት እና ረጅም ዝግጅት አብረው አይሄዱም፤ ወይ ሙሌቱን ቀይሩ፣ ወይ ኬኩን ዘግይታችሁ አውጡ።

ትኩስ አበባ ካለበት ግንዱ በቀጥታ ኬኩ ውስጥ አይተከል። እንደ ኦሊያንደር እና ሃይድራንጃ ያሉት መርዛማ ስለሆኑ ኬክ አጠገብ ባይደርሱ ይመረጣል።

የሠራው ሰውና የሚቆርጠው ሰው የተለያዩ ከሆኑ፣ ድጋፉ ምንም ይሁን ምን፣ አንዲት ወረቀት ከኬኩ ጋር ትሂድ። በየፎቁ ስንት ድጋፍ አለ? ቀለማቸው ምንድን ነው? የመሃል ማያያዣ አለ ወይስ የለም? ፎም የሆነው የቱ ነው? ቁራሹ በስንት በስንት ይቆረጥ? ለይቶ መቀመጥ ያለበት ፎቅ አለ? ወረቀቷን ለሳጥኑ ሳይሆን ለቆራጩ በእጁ ስጡት። ሳጥኑ መጀመሪያ የሚጣል ነገር ነው።